መርዶ እንዳይናገር የተመከረው ማሽን

ሰው የማያውቀው ቤት ደጃፍ ሲደርስ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ማንን እንደሚፈልግ አይናገርም፤ ስምም አይጠራም። ከውስጥ ካላችሁት ጆሮው የቀረበ፣ እጁ ያልተያዘ አንዳችሁ ውጡልኝ ማለቱ ነው። በየቤቱም ለዚህ ሥራ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት አክስቴ ነበረች። ቤቱ በሰው ቢሞላም «ቤቶች!» ሲባል ብድግ የምትለው እሷ ነች። የመጣው ግብር ሰብሳቢ ይሁን አማላጅ፣ ለማኝ ይሁን አማች፣ መጀመሪያ የሚያየው የሷን ፊት ነው። የመጣበትን ጉዳይ ሰምታ ለባለቤቱ ታደርሳለች። ያልገባት እንደሆነ ደግሞ ፈገግ ብላ «ግቡ፣ ግቡ፣ ውጭ አትቁሙ» ትላለች። «ግቡ» መልስ አይደለም። ግን ግቡ ተብሎ የተቆጣ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ራያ ቆላ ላይ ደግሞ ጥያቄ በችኮላ አይወጣም። አንድ የጎብዬ ገበሬ የጠፋች ጊደሩን አይታችሁ እንደሆነ ሊጠይቃችሁ በዚያ ሐሩር ቀበሌ አቋርጦ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ጤናችሁን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የእናታችሁን፤ ከዚያ ዝናቡን፣ ጎርፉ ማሳ ገብቶ እንደሆነ፣ ማሽላውን አቀንጭራ አግኝቶት እንደሆነ፣ የታመመው ጎረቤታችሁ ተሽሎት እንደሆነ። ጊደሯ የምትነሳው ሰውዬው ልሂድ ብሎ ከተነሳ በኋላ በሩ ላይ ነው። «እኔ ’ምለው…» ይላል፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ። አገሩን የማያውቅ ሰው ይህንን ሁሉ ጊዜ ማባከን ይለው ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ መልሱ ክፉ ቢሆን ሁለታችሁም የምትይዙት ነገር እንዲኖራችሁ ነው።

እንግዲህ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ግማሹን ከኛ የተማረ፣ ግማሹን ያልተማረ ነው። እኔ ቆቦ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ትንሽ ገባ ብሎ፣ የኮምፒውተር ማሰልጠኛም፣ ፎቶ ኮፒም፣ ኢንተርኔት ቤትም የምትባል አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ሰው «መምህር» ይለኛል። ያስተማርኩት ታይፕ መምታት ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ማዕረግ በነጻ ሲመጣ ማን ይገፋል። እዚያ ቤት ስውል እንደተረዳሁት፣ የአንድን ዌብሳይት አድራሻ ብቻ ጽፋችሁ ስትጫኑ፣ ደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» ማለታችሁ ነው። ከውስጥ የሚወጣላችሁ ለዚሁ የተመደበ አንድ ስክሪፕት፣ ማለት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ባለሙያዎቹ ነባሪ ይሉታል። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የምትፈልጉት ነገር ካለ ከአድራሻው ኋላ ጥያቄ ምልክት ታደርጉና ጉዳያችሁን ከሱ አስከትላችሁ ትጽፋላችሁ። እኛ ጥያቄ ምልክትን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን፣ ማሽኑ ግን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ጤና ይስጥልኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ የሚባል ነገር አያውቅም። ሲጠየቅ ለመመለስ፣ ያልገባው እንደሆነ ደግሞ እንደ አክስቴ «ግቡ፣ ግቡ» ለማለት ብቻ ነው የተፈጠረው።

ይህንን ሁሉ የማወራው ኮምፒውተር ላስተምራችሁ አይደለም። ሰው ስለሞተበት ነገር ነው የማወራው።

የዚያን ዘመን ቆቦን የሚያውቅ ያውቃታል። ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከየገጠሩ ጢማቸው ገና ያላቀመቀመ ልጆች በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። የተሻገረ ዓረብ አገር ይገባል፣ ያልተሻገረ ይመለሳል፣ ከሁለቱ መሐል የቀረው ደግሞ ወሬው አይገኝም። ወላጅ ከተመላሽ ተመላሽ እየዞረ «ልጄን አይተኸዋል?» ይላል። አንዱ አየሁት ሲል ሌላው የለም ይላል። የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙና ወሬውን አንድ ቦታ እንሰብስብ አሉ። ደሴ የሚሠራ ኤልያስ የሚባል የቆቦ ልጅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ብሩህ፣ ምላሱ አጭር። እሱ ዌብሳይት ሠራ። ለእያንዳንዱ ጠፊ መለያ ቁጥር ተሰጠው፣ ወላጅም ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔ አድራሻውን፣ ጥያቄ ምልክቱን፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ነባሪው ስክሪፕት ወጥቶ ይመልሳል። ኤልያስ የስክሪፕቱን ስም ከአድራሻው ያስቀረው ሆን ብሎ ነበር። ጅዳ ያለ ወንድም በስልክ ሲነገረው በቀላሉ እንዲይዘው አድራሻው አጭር ይሁን ብሎ ነው። ቁጥሯን በሙያቸው ቋንቋ «ተለዋዋጭ» ይሏታል። የሚለዋወጠው ግን የሰው ልጅ ነበር።

መልሱ ምን ይሁን የሚለው ላይ ነው ሽማግሌዎቹ የገቡበት። ኮሚቴውን የሚመሩት ሼህ አደም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሰማቸው፣ በስንት የደም ጉዳይ መሐል ገብተው ያስታረቁ ሰው ናቸው። ኤልያስ በኔ ክፍል ተቀምጦ አስረዳቸው። «በሕይወት ካለ ያለበትን አገር ይጽፋል። ወሬው ካልታወቀ ‹እየተፈለገ ነው› ይላል። የሞተ እንደሆነ ደግሞ…»

«የሞተ እንደሆነ ምን ይላል?» አሉ ሼህ አደም።

«መሞቱን ይጽፋል።»

ሼሁ ኮምፒውተሯን ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ኤልያስ ዞሩ። «ስማ ልጄ። መርዶ በብረት አይነገርም። መርዶ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ተቀምጦ ነው። አንዲት እናት እዚህ ከማያውቃት ሰው ጋር ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጅሽ ሞተ ልትባል? ወላሂ አይሆንም። ዝም ይበል።»

ኤልያስ ማሽን ዝም ማለት እንደማይችል፣ አንድ ነገር መክፈት ግድ እንደሚሆንበት አስረዳ። ብዙ ተመከረ። በመጨረሻም ቁርጥ ሐሳብ ተደረሰ፦ የተጠየቀው ቁጥር የሞተ ሰው ከሆነ፣ ስክሪፕቱ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሆኖ የመጀመሪያውን ገጽ ይክፈት። ማንም ምንም ሳይጠይቅ ሲገባ የሚታየውን፤ አረንጓዴ የጤፍ ማሳ ሥዕል ያለበትን፣ ከላዩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን። ወላጁ ኔትወርክ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ማን እንደጠየቀ እኔ ለሽማግሌዎቹ እልካለሁ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ደጁ ይደርሳሉ። ወጉም ይጠበቃል፣ እናቲቱም ትጠበቃለች። እኔም በበኩሌ ሐሳቡን ወደድኩት። ዛሬም ቢሆን ክፉ ሐሳብ ነበር አልልም፤ ሰው ለሰው አዝኖ ያመጣው ነው።

መጀመሪያ ላይ ሠራ። አረንጓዴው ማሳ ሲመጣ «ኔትወርክ ነው፣ ነገ ተመለሱ» እላለሁ፣ ይመርቁኛል፣ ይሄዳሉ። በማግስቱ ጠዋት ለቅሶው ይሰማል። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ ያገሬ ሰው ይህንን አይቶ እስከ መቼ አይገባውም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ ይህ ግን የሆነው በጆሮ ሳይሆን በዓይን ነው። ማንበብ የማያውቁ እናቶች አረንጓዴውን ሲያዩ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ ሲደርሱ ድንኳን ተተክሎ ይጠብቃቸዋል፤ ሊያረዱ ሄደው ለቅሶ ደርሰው ይመለሳሉ። በኔ ክፍል ገጹ እስኪከፈት ድረስ ትንፋሽ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ያቺ የመስመር ዘገምተኝነት፣ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲወርድ፣ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ የጤፉ ጫፍ… እሱን ያየ ነው የሚያውቀው። እኔ «ኔትወርክ ነው» ስል እኔኑ የሚያጽናኑኝ መጡ። «አብሽር መምህር፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ብለውኝ እያለቀሱ ይወጣሉ።

የከተማው ወጣት ደግሞ በክፉ ቀንም ቀልድ አይጠፋበትም። «እንትና እንኳን ደህና መጣህ ተባለ» ማለት ሞተ ማለት ሆነ። ቀልዱ ሥር ሰደደና ሰው እርስ በርሱ እንኳን ደህና መጣህ መባባሉን ተወ። ከመንገድ የመጣን እንግዳ «ገባህ?» ብሎ መቀበል ተለመደ። መንገዱ ዳር አንድ ሆቴል ሊመረቅ ደርሶ ግንቡ ላይ «ቆቦ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ በትልልቁ ቢያስጽፍ፣ ሠራተኞቹ ባለቤቱን ካላጠፋኸው አንገባም አሉት። አጠፋው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው።

አሁን አያ ሁሴንን ላስተዋውቃችሁ። አያ ሁሴን ከጎብዬ ወደ ቆላው ዘልቆ ያሉ፣ ማሽላና ጥቂት ከብት ያላቸው፣ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው እንድሪስ ወደ ባሕሩ ወርዶ ወሬው አልተገኘም። ገበያ በሆነ ቁጥር ከሚስታቸው ከእተት ዘሀራ ጋር ይመጣሉ። እሷ ውጭ አህያዋን ይዛ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። እናቴን ይጠይቁኛል። መብራት ይጠፋ እንደሆነ ይጠይቁኛል። የክፍሌ ማራገቢያ ስላለችበት ሁኔታ ሁሉ ይጠይቁኛል። ከዚያ ለመሄድ ተነሥተው በሩ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው «እኔ ’ምለው መምህር፣ ያችን ነገር እስቲ ሞክራት» የሚሉት። እሞክራለሁ። «እየተፈለገ ነው» ይላል። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ወጥተውም ለሚስታቸው ይነግራሉ። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ቢሆንም የዚያች ላም ወተት ለሁለቱ አዛውንቶች የሳምንት ቀለብ ይሆናቸው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት የመጀመሪያዋ እናት ቁጥሯን ሰጠችኝ፣ ጻፍኩ፣ አረንጓዴው መጣ። እሪ ብላ ወጣች። ሁለተኛው ገባ፤ አረንጓዴው መጣ። ሦስተኛዋ፤ አረንጓዴ። መጀመሪያ ላይ ያ ቀን የጥፋት ቀን ነው፣ አንድ ጀልባ ሙሉ ልጅ አልቋል ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ግን ባለፈው ሳምንት ከጅዳ ራሱ ደውሎ ያነጋገርነው ልጅ ቁጥር ሲመጣም አረንጓዴው ማሳ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኤልያስ ጋ ደወልኩ።

«ገጹን የሚያሳድር የተሻለ ሰርቨር አግኝቼ ሌሊት አዛውሬው ነበር» አለ። «በአሮጌው ደጅ የሚመጣውን ወደ አዲሱ ምራልኝ ብዬ አዝዤዋለሁ።»

«መርቶታል! ግን ሁሉንም እንኳን ደህና መጡ ነው የሚለው!»

 የቁልፍ መንካካት ይሰማኛል። «ሰዎቹን ያሻግራል» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከጥያቄ ምልክቱ ኋላ ያለውን ግን መንገድ ላይ ይጥለዋል። አዲሱ ጋ የሚደርሱት ባዶ እጃቸውን ነው። ምንም እንዳልጠየቁ ነው የሚያያቸው።»

ስልኩን ሳልዘጋ ዘወር ብል አያ ሁሴን ከኋላዬ ቆመዋል። ያን ቀን ስለ እናቴ አልጠየቁም። የወጡትን ሰዎች ለቅሶ ሰምተው ነው የገቡት። «ሞክራት» አሉኝ። ዛሬ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ይቆዩ ብላቸው «ሞክራት» አሉ። ሞከርኩ። ሰማዩ መጣ፣ የጤፉ ጫፍ መጣ፣ ማሳው ሞላ።

«አያ ሁሴን፣ እውነቴን ነው፣ ይህ ኔትወርክ ነው። ኤልያስን ይጠይቁት፣ ይኸው ስልኩ ላይ አለ። ልጅዎ አልሞተም፣ ወሬው ነው ያልተገኘው።»

ትከሻዬን ያዙኝ። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፤ ከባድ። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «እንደሱ ነው የምትሉት። ከዚህ ሌላ ምን ትላለህ?»

 ለእውነተኛው ሞት ስንናገረው የከረምነውን ቃል፣ ለሐሰተኛው ሞት ስንፈልገው ተበልቶ አለቀ። ሌላ ቃል አላስቀመጥንም። ከበሩ ወጥተው ጥላው ሥር ወዳለችው ሚስታቸው ሲሄዱ አየሁ፤ አጠገቧ ቁጢጥ ሲሉ፤ ከዚያ የእተት ዘሀራ ድምፅ። የሰማው ገበያ ሁሉ ሥራውን አቆመ።

ኤልያስ ከቀትር በፊት አስተካከለው። ሁሉም ቁጥር እንደ ቀድሞው መልሱን ይሰጥ ጀመር። ግን በዚያች ግማሽ ቀን ከሮቢት እስከ ጎብዬ ድረስ ድንኳን ተተክሏል። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ የሐሰት መርዶ በምን ወግ ይሻራል? ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ አንድ ሰው ደጅ ከደረሱ፣ ያ ራሱ መርዶ ነው። ተው አልሞተም ሊሉ ቢሄዱ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰውየው ይወድቃል። ሼህ አደም ብዙ አሰቡና፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ተለያይተን፣ በመንገድ እንዳለፈ ሰው እየመሰልን እንድንገባ አዘዙ። እንዲያም አድርገን በማግስቱ በየቤቱ ዞርን። የጅዳው ልጅ ቤትማ በስልክ አገናኝተናቸው ድንኳኑ ሥር በግ ታረደ። አስቸጋሪው ያልታወቀው ነው።

አያ ሁሴን ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ፣ ሴቶቹ በጓሮ። ሼህ አደም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ለሟች የሚባለውን ፋቲሓ እንዳያነቡም እንዳይተዉም ጨንቋቸው ጥቂት ቆዩና፣ «ሁሴን፣ ማሽኑ ተሳስቶ ነው። የእንድሪስ መሞት አልታወቀም» አሉ።

«በሕይወት አለ?»

«እሱም አልታወቀም። እየተፈለገ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው የሚሆነውን አጣ። አንዱ ሊነሣ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። አንዱ ችኩል «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ በጎኑ ያለው በክርኑ መታው። ለግማሽ ሞት የሚባል ቃል እንደሌለን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለሞተ ነፍስ ይማር አለን፣ ለተረፈ እንኳን አተረፈህ አለን፤ ለዚህኛው ግን ካባቶቻችን የወረስነው የለም።

አያ ሁሴን መሬቱን እያዩ ተናገሩ። «ሼህ አደም፣ እኔ ልጄን ቀብሬዋለሁ። ሬሳውን አላገኘሁም እንጂ ቀብሬዋለሁ። እሱ ከሄደ ወዲህ ትናንት ማታ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ጎረቤት መጣልኝ፣ አለቀስኩ፣ አላህ ይዘንለት አልኩ፣ ተኛሁ። አሁን እየተፈለገ ነው ብላችሁ ያን ነገር መልሳችሁ ልታሸክሙኝ ነው? አልሸከምም። በአንድ ሰው ሞት አይመላለሱም።»

ይህንን ብለው ሳይጨርሱ እተት ዘሀራ ከጓሮ ብቅ አለች። ጠጉሯ ተበትኗል፣ ጉንጯ ተቧጥጧል። «ልጄ አልሞተም አላችሁ?»

«አልሞተም አላልንም እተትየ፣ ወሬው…»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ለሐዘን የታጠቀችውን ገመድ ፈታ ጣለችው። ፊቷን ታጠበች። ለቅሶ ደራሹን ሁሉ እያቀፈች ሸኘችው። ያን ቀን አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ባልየው ልጁ ሞቶበታል፣ ሚስትየዋ ልጇ አልሞተባትም። ልጁ ግን አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲሆን የምትገባው እሷ ሆነች። አያ ሁሴን ከአህያዋ ጋር ውጭ ይቀራሉ። በሩ ላይ ብቅ ብለው እናቴን ይጠይቁኛል፣ ዝናቡን ይጠይቁኛል፣ እዚያው ላይ ያበቃል። እሷ ግን ገና ሳትቀመጥ «ሞክርልኝ» ነው። እየተፈለገ ነው ይላታል፤ ደስ ብሏት ትወጣለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የሮቢት ልጅ ተመልሶ መጣ። ከእንድሪስ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ነበር። ጀልባዋ ስትገለበጥ አብረው ዋኝተው፣ እንድሪስ ዳርቻው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የሞተው። ይኸው ልጅ ነው አሸዋ ውስጥ የቀበረው። ክንዱ ላይ የነበረችውን የልጅነት የእሳት ጠባሳ ሳይቀር ተናገረ። ኮሚቴው ጠየቀ፣ አጣራ፣ አመነ። ኤልያስም ቁጥሩን ወደ አረንጓዴው ማሳ አዛወረው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ ሄዱ። እኔም ተከትዬ ነበር። አያ ሁሴን አጥራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ገና ሲያዩን ገብቷቸዋል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ በቀስታ፣ «ግቡ፣ እኔ እንኳ የኔን ጨርሻለሁ።» እተት ዘሀራ ግን በር ላይ ቆመችብን። የሮቢቱ ልጅ ሊናገር ሲጀምር ጮኸችበት። «ባለፈውም ሞተ ተብሎ ነበር! ድንኳን ተክላችሁ ጉንጬን ካስቧጠጣችሁ በኋላ ውሸት ነው አላችሁኝ! ከአፋችሁ የወጣውን ከየትኛው ጀምሬ ልመን? ሂዱ ከደጄ! እኔ የማምነው ማሽኑን ነው።» ሽማግሌ ከደጅ ሲባረር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሼህ አደምም አልተቀየሙም። የምትለው ውስጥ ስሕተት ፈልገው አጡበት።

ማሽኑን አምና መጣች። አረንጓዴው ተከፈተ። ሌላ ሰው ነፍሱ የምትወጣበትን ሥዕል እሷ አይታ ሳቀች፤ «ይኸ ኔትወርክ ደግሞ ጀመረው! እንደዚያ ቀኑ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። ብጣሿን ወረቀት መልሼ ሰጠኋት። በሚቀጥለው ገበያ መጣች፣ አረንጓዴ፤ «እስቲ ለዚያ ለደሴው ልጅ ደውልለት፣ ያስተካክለው» ብላኝ ሄደች። ወር አለፈ። ሰው ሊነግራት ሲሞክር ጆሮዋን ትይዛለች። ባሏ እንኳ ስለ ልጁ አላህ ይዘንለት ቢሉ ምሳቸውን ትከለክላቸው ጀመር።

አንድ ቀን ሼህ አደም ብቻቸውን ወደ ክፍሌ ገቡ። እጅ የነሡኝ ያህል አቀርቅረው ተቀመጡ። «መምህር» አሉኝ፣ «ያንን የደሴውን ልጅ ንገረው። ለዚያች ሴት ቁጥር ብቻ፣ ለሷ ብቻ፣ መሞቱን ይጻፍላት። እኔን አላመነችም፣ የቀበረውን አላመነችም። ማሽኑን ግን ታምናለች። ይንገራት። እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ዘመድም እጠራለሁ፣ አንተም ጮክ ብለህ ታነባለህ።» ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁት። ለአንድ ወግ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ወጉን በራሳቸው እጅ ሲያፈርሱት ማየት ደስ አይልም፤ እኔ እንደውም ሊያለቅስ የደረሰ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልችልበትም።

ኤልያስ ጻፈው። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል፣ ሥዕል የሌለበት፦ «እንድሪስ ሁሴን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። አላህ ይዘንለት።»

በገበያው ቀን ሼህ አደም በግራዋ፣ የእህቷ ልጅ በቀኟ ተቀመጡ። አያ ሁሴን እንደ ልማዳቸው ውጭ ናቸው፤ ነገሩን ያውቃሉ። እተት ዘሀራ ብጣሿን ወረቀት ሰጠችኝ። አድራሻውን፣ ጥያቄ ምልክቱን፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። መስመሩ ያን ቀን ፈጣን ነበር። ነጩ ገጽ ተከፈተ። ላነብ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እተት ዘሀራ ፊደል አታውቅም። የምታውቀው አረንጓዴውን ነው። እንዳየችው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከወንበሯ ተነሣች። «ማሳው የለም!» አለች። «መምህር፣ ማሳው የለም እኮ! ተስተካከለ! ልጄ ተገኘ!»

«ዘሀራ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ» አሉ ሼህ አደም።

«ሰማሁ! አየሁት በዓይኔ!» ግንባራቸውን ሳመቻቸው። የኔንም ሳመችኝ። እልልታዋን ለቀቀችው፤ በሩን አልፋ፣ በፎቶ ኮፒ ተራው አልፋ፣ ገበያው መሐል። የሰማ ሁሉ እልል አለላት፤ ሰው የሌላውን ደስታ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ነው የሚቀበለው። ሼህ አደም መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሳይቆጥሩበት እጃቸው ላይ ያዙት።

አያ ሁሴን ከአህያዋ አጠገብ ሆነው በበሩ በኩል አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው፤ አልተነገራትም ለማለት። ገብቷቸዋል። የአህያዋን ጭነት አጠበቁ፣ ከትከሻቸው ላይ አቧራውን አራገፉ፣ ከዚያ በገበያው መሐል እልል እያለች ወደምትሄደው ሚስታቸው አቅጣጫ አህያዋን ነዱ። ሰው ሁሉ በሚያልፉበት እየቆመ «እንኳን ደስ ያለዎ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «አብሮ ደስ ይበለን» ይላሉ።